እያስተማሩ መማር፦ የካሊፎርኒያ የ"ኢንተርን" መምህራን ፈቃድ

በካሊፎርኒያ ሙሉ የመምህርነት ፈቃድ ሳይኖራችሁም በመንግሥት ትምህርት ቤት ተቀጥራችሁ ማስተማር ትችላላችሁ። መንገዱ "ኢንተርን ክሬደንሻል" ይባላል። ኢንተርን ተባለ ማለት ግን በነጻ የሚሠራ ማለት አይደለም። የራሱ ክፍል አለው፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ጎን ለጎን ሥልጠናውን ይማራል። ዋና ዋናዎቹን መስፈርቶች ባጭሩ እንንገራችሁ፦

• የመጀመሪያ ዲግሪ። ኢትዮጵያ ተመርቃችሁ ከሆነ የግዛቲቱ የመምህራን ፈቃድ ኮሚሽን በሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት ማስገምገም አለባችሁ።
• የምታስተምሩትን የትምህርት ዓይነት ስለማወቃችሁ ማረጋገጫ
• ቢያንስ 120 ሰዓት ቅድመ ሥልጠና
• የጣት አሻራ ምርመራ
• ኮሚሽኑ ባጸደቀው የኢንተርን ፕሮግራም መመዝገብ
• የሚቀጥራችሁ ዲስትሪክት

ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ዓመት ነው። በየትምህርት ዘመኑ ቢያንስ 144 ሰዓት ድጋፍና ክትትል ማግኘት መብታችሁ ነው።

አሁን ዋናውን ልብ በሉ! ፈቃዱ ከቀጣሪያችሁ ዲስትሪክት ጋር የታሰረ ነው። ሌላ ዲስትሪክት የተሻለ ደመወዝ ቢሰጣችሁ፣ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ዘው ማለት አይቻልም፤ በአዲሱ ቀጣሪ ስም እንደገና ማመልከት ይጠይቃል። ፕሮግራሙን ካቋረጣችሁም ፈቃዱ አይሠራም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ደመወዙን ብቻ ሳይሆን "ማን ነው የሚያግዘኝ? በሳምንት ስንት ሰዓት?" ብላችሁ ጠይቁ።