መጋጠሚያው የማይታይ ጌጥ
የጅሬን ጠራቢዎችና የዘመኑ የኮምፒዩተር ንድፍ

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚታወቀው በገዢው ስም ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1878 ዙፋኑን ወርሰው፣ ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም በመገበራቸው የግዛታቸውን ውስጣዊ አስተዳደር ለረጅም ዘመን ጠብቀው ቆይተዋል፤ ይህም ያከተመው በ1932 ነበር። ሰገነቱን የሠሩት፣ ምሰሶውን የጠረቡት፣ የመደገፊያውን እንጨቶች አንዱን እንደ ሌላው አድርገው የደረደሩት አናጺዎች እነማን እንደ ነበሩ ግን የሚጠይቅ እምብዛም አልተገኘም።

ጥያቄው ከአንድ ሕንፃ ያልፋል። በአያሌው የአገራችን ክፍል እንጨት ጠራቢው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ በንቀት ስም ሲጠሩ፣ የሠሩት ዕቃ ግን በጌቶች አዳራሽ በክብር ይቀመጥ ነበር። የሐሙሱ የሂርማታ ገበያ ቡናና አሞሌ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅም የተሸጠበት ቦታ መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ፣ የእጅ ባለሙያው ስም ለምን እንዳልተመዘገበ አይደነቅም።

ስሙ ባይኖርም ሥራው ይናገራል። ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው፣ መጋጠሚያ የለው። ዋንዛ ለዚህ ሥራ የተወደደ እንጨት ነው። ጠራቢው በመጥረቢያ ቅርጹን ካወጣ በኋላ በመሮና በቢላዋ እያለሳለሰ ይጨርሰዋል። በክቡ ጠርዝ ዙሪያ የሦስት ማዕዘን ጥርሶችን መቅረጽ የፈለገ እንደ ሆነ ግን አንድ ብርቱ ችግር ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የመጨረሻው ጥርስ ከመጀመሪያው ጋር መገናኘት ያለበት መሆኑ ነው። እንጨት ደግሞ በላጲስ አይጠፋም። ቦታው ሊያጥረው መሆኑን በዓይኑ የመዘነ ጠራቢ ከሩቅ ጀምሮ ጥርሶቹን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበበ ይመጣል፤ ዘግይቶ የነቃም የመጨረሻዋን ብቻ ያጠባታል።

መሶብ የምትሰፋ ሴትም ይህንኑ ስሌት በሌላ መንገድ ታውቀዋለች። ከእምብርቱ ተነሥታ ስንደዶውን በተነከረ አክርማ እየጠቀለለች፣ በወስፌ እየወጋች ስትዞር፣ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቀለም የምትለውጥበትን ቦታ እንደገና መቁጠር አለባት፤ ያለዚያ ሐረጉ ዞሮ መጥቶ ከመነሻው ጋር ሳይገጥም ይቀራል። ወረቀት የላት፣ ማስመሪያ የላት። የሩሲያው ሊቅ ፌዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1891 አንድ ጌጥ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ በሁሉም አቅጣጫ ያለ ማቋረጥ የሚደጋገምባቸው ሥርዓቶች 17 ብቻ መሆናቸውን በሒሳብ አረጋገጠ፤ የግራናዳው አልሐምራ ጌጠኞች ግን ከእርሱ በ500 ዓመታት ገደማ ቀድመው ከእነዚህ አያሌዎቹን በግድግዳ ላይ ሠርተው ነበር። እጅ ከቀመር የቀደመበት ምሳሌ ይህ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ይኸው ጥበብ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለማስታወቂያ ወይም ለስልክ ገጽ የጀርባ ጌጥ የሚያዘጋጅ ንድፍ አውጪ አንዲት አራት ማዕዘን ይሠራል፤ በቀኝ ጠርዟ የተቋረጠው መስመር በግራዋ ይቀጥላል፣ ከታች የወጣው ከላይ ይገባል። ስፌቱን ለማግኘት ሥዕሉን በግማሽ ያንሸራትተዋል፤ ያን ጊዜ በጠርዝ ተደብቆ የነበረው መጋጠሚያ መሐል ላይ ወጥቶ ይታያል፣ እርሱም ይጠግነዋል። ከዚያ በኋላ አራት ማዕዘኗ ሺህ ጊዜ ብትደረደር ድንበሯ አይገኝም።

የበርጩማ ጠርዝ ፎቶግራፍ በዚህ መንገድ ወደ ጀርባ ጌጥ ሲለወጥ የሚሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ንድፍ አውጪው ከጥርሶቹ መካከል እኩልና ንጹሕ የሆኑትን ሁለት ወይም ሦስት መርጦ ይቆርጣል፤ የተቀሩትን ይተዋል። ጠራቢው ተጨንቆ ያጠበባት፣ ቢላዋው ትንሽ የሳተባት የመጨረሻዋ ጥርስ እንደ ጉድለት ተቆጥራ ትጣላለች። በቤተ መዘክር ከዕቃው ጎን የሚቀመጠው ወረቀትም ብዙ ጊዜ የአገሩን እንጂ የሠሪውን ስም አይጽፍም። ስም የሌለው ሰው ከዚያ ዕቃ ላይ የራሱ የሆነ ነገር ትቶ ከሆነ፣ የተወው በዚያች በጠበበችው ጥርስ ላይ ነበር።