ያለ ቀኑ ስለ ተወለደ ሕፃንና ስለ ጠባቂዎቹ

የመንዝ ታሪክ በተነገረ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የነጋሲ ስም ነው። የሸዋ ነገሥታት ዘር የወጣው ከዚህ ደጋ ነውና፥ አባቶቻችን ይህን ሲያወሱ ደረታቸውን ይነፋሉ። ጦር የመራው፥ አገር ያቀናው፥ ግብር ያበላው ሁሉ ስሙ ተጽፎለታል። በብርድ ሌሊት ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን በብብቷ ሸጉጣ እስኪነጋ ያቆየች አዋላጅ ግን ስሟ በመጽሐፍ አልሰፈረም። ወጣቶች ሆይ፥ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን ያልተጻፈውን ታሪክ ነው።

የሞላሌ ብርድ የታወቀ ነው። በዚህ ደጋ በግ የሚረባው ለሥጋው ብቻ አይደለም፤ ጠጉሩ ተፈትሎና ተሠርቶ ባና ይሆናል። ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ልጅ እንኳ ሌሊቱን የሚያልፈው በእናቱ ገላና በባናው ነው። ከ37 ሳምንት በፊት ለተወለደ ግን ይህ ብቻ አይበቃውም፤ ይልቁንም በጣም ቀድሞ ለመጣው ሦስት ነገር ይጎድለዋል። ከቆዳው ሥር ሙቀት የሚይዝለት ስብ የለውም፤ ጠብቶ ለመዋጥ ጉልበት የለውም፤ ሳንባውም ለመተንፈስ ገና አልተሰናዳም።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለው ልጅ ሲሞት ወላጆቹ «ለእኛ አላለውም» ብለው እንባቸውን ያብሱ ነበር። የሐዘኑን ብዛት ለማወቅ የአገራችንን ስሞች ማዳመጥ ይበቃል። ምትኩ፥ ካሳ፥ ተካልኝ፥ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ሌላ ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ ነው። ወላጆቹን ስለዚህ ቃል መውቀስ አይገባም፤ ማጽናኛቸው ነበርና። ነገር ግን ይህን ቃል ለመናገር ያልቸኰሉ ሰዎች በየአገሩ ተነሥተዋል።

ከነዚህ አንዱ ስቴፋን ታርኒዬ የተባለው የፓሪስ የወሊድ ሐኪም ነው። እርሱ በ1878 (ዓመታቱን የምጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) እንስሳት ለሕዝብ በሚታዩበት ሥፍራ ጫጩት በሙቀት የሚፈለፈልበትን ሣጥን አየ። ለጫጩት የጠቀመ ሙቀት ለሰው ልጅም ሊጠቅም እንደሚችል ዐሰበ። በ1880 በሙቅ ውሃ የሚሞቅ ሣጥን አሠርቶ በፓሪስ የወሊድ ሆስፒታል አስገባ። ከ2 ኪሎ በታች ከሚመዝኑት ሕፃናት ከመቶው 66 ይሞቱ የነበረው ወደ 38 ወረደ። ዛሬ ሕዝባችን «ሙቀት ክፍል» የሚለው ነገር አነሳሡ ከዚህ ነው።

በአገራችን ደግሞ ልዕልት ፀሐይን እናስብ። በስደት ዘመን ለንደን ሳሉ በ1936 ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስ ልብስ ለበሱ፤ በ1939ም የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። አገልጋይ የነበራቸው የንጉሠ ነገሥት ልጅ የባዕድ አገር ሕፃናት አገልጋይ ሆኑ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ በ1942 በወለጋ ነቀምቴ ሳሉ፥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰበች፤ በስማቸውም የተሠራው ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው። ባልና ሚስቱ ሐኪሞች፥ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን፥ በ1959 የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም የመጡትም ወደዚሁ ሆስፒታል ነበር።

በ1963 በነሐሴ ወር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ የመጣው ይህ ሕፃን ሳንባው አልከፈት ብሎት በሁለት ቀን ውስጥ ሞተ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ዋሽንግተን ሲገቡ የተቀበሏቸው ኬኔዲ ሐዘናቸው ገና ትኩስ ነበር። እንግዳው ልጃቸውን በወሊድ ምክንያት ቀብረዋል፤ ባለቤቱ ያለ ቀኑ የተወለደውን ቀብረዋል። ዙፋንም ሀብትም እውቀት ያልደረሰበትን ነገር ሊገዙ እንዳልቻሉ ከዚህ እንረዳለን።

እውቀቱም ቀስ በቀስ መጣ። ሜሪ ኤለን ኤቭሪ የተባለችው ሐኪም በ1959 የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ የሚጣበቀው እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ፈሳሽ ስለሚያንሰው መሆኑን አሳይታ ነበር። በ1980 ፉጂዋራ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከከብት ሳንባ ያወጡትን ይህን ፈሳሽ ለሕፃናት ሰጥተው ጥቅሙን አስመሰከሩ። በ1978 ደግሞ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የሙቀት ሣጥን ስላነሳቸው ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፥ ገላ ለገላ፥ ማሳቀፍ ጀመሩ። በእኛም አገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ ይህንኑ በአዲስ አበባ መርምረው ጥናታቸው በ2005 ታተመ፤ ገና ከጅምሩ በእናታቸው ገላ ከታቀፉት የሞቱት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ያነሱ ሆነው ተገኙ። ያች ስሟ ያልተጻፈ የመንዝ አዋላጅ ሕፃኑን በብብቷ በሸጐጠች ጊዜ ከእውነት የራቀች አልነበረችም ማለት ነው።

እኔም የዚህ ታሪክ ባለዕዳ ነኝ። ሴት ልጄ የተወለደችው ሁለት ወር ያህል ሲቀራት ነው፤ ክብደቷም 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነበር። ከሞላሌ በመዘዞ አድርገን፥ ጣርማ በር ወጥተን፥ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ባለቤቴ በደረቷ አቅፋ በባና ሸፍና ያዘቻት። በሆስፒታሉ የሙቀት ክፍል 41 ቀን ቆየች። የእናቷ ወተት ክር በመሰለ ቱቦ በአፍንጫዋ በኩል በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣት ነበር። ቢጫ በሆነች ጊዜ ከሰማያዊ ብርሃን ሥር አስተኟት። ትንፋሿ ዝም ሲል ሲስተሯ ፈጥና ውስጥ እግሯን በጣቷ ነካ ታደርጋለች፤ ልጂቱም ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ትተነፍሳለች። ይህ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ቈጥሬ አልጨረስሁትም። የጽዳት ሠራተኛዋም ወለሉን ስታጸዳ የምትጠነቀቀው የራሷ ልጅ የተኛበት ያህል ነበር።

በአንድ ሌሊት ከልጄ አጠገብ ተኝቶ የነበረ ሌላ ሕፃን ሞተ። ሲስተሯ እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች። ከዚያም ወደ መተላለፊያው ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች፤ ጥቂት ቆይታ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ተመለሰችና የልጄን ሙቀት ለካች። በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ገባኝ። ያ የሞተው ሕፃን ያገኘው እጅና ልጄ ያገኘችው እጅ አንድ ነበር፤ ትጋቱም አንድ ነበር። እንግዲህ ምስጋና የሚገባው ለዳነ ልጅ ብቻ ከሆነ፥ የዚያች ሴት ግማሽ ድካም ያለ ምስጋና ሊቀር ነው።

በ80 ቀኗ ክርስትና ባነሣናት ጊዜ ዘመዶቻችን ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ እኔም አልሁ። ይሁን እንጂ እግዚአብሔርን ማመስገን ሰውን ማመስገንን አያስቀርም። ስለዚህ በማዕዱ ፊት ቆሜ የነርሶቹን፥ የሐኪሞቹንና የጽዳት ሠራተኛዋን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። አንዲት አክስቴ «የጀግና ስም ትቈጥራለህ እንዴ!» አለችኝ፤ እኔም «አዎን፥ እቴ፥ የጀግና ነው» አልኋት።

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ያለ ቀኑ የተወለደና በሰው እጅ የተረፈ አይጠፋም። ወላጆቻችሁን «በተወለድሁ ጊዜ ማን ያዘኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሟን ካወቃችሁ ጻፉት፥ በሕይወት ካለችም ሄዳችሁ አመስግኗት። ልጁ የሞተበትን ጎረቤት ስታጽናኑም ልጁን ለማዳን የደከሙትን አብራችሁ አስቡ። ደግሞም ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ይህን ሙያ ብትመርጡ፥ ደመወዙን ብቻ ቈጥሮ የሚያሳንስባችሁን ሰው አትስሙት። በደጋው ዛሬም ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ያለ ቀናቸው የሚመጡ ሕፃናትም ሳያንቀላፋ የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።