ካህን ከራቀበት አገር የቀረ ክርስትና፤ በካፋ የተነሡ የእምነት ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ ታሪክ ስለ ከባድ የነገረ መለኮት ጥያቄ ሲነገር፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የጎንደር፣ የጎጃምና የሸዋ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት ያደረጉት ረጅም ክርክር ነው። ይህም ክርክር በ1878 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በንጉሠ ነገሥቱ ፍርድ ተዘጋ። ከጎጀብ ወንዝ በስተደቡብ ባለው በካፋ ምድር ግን የተነሣው ጥያቄ ከዚህ የተለየ፣ ይሁን እንጂ ከዚህ የማያንስ ነበር። ይኸውም ክርስቲያን የሚባለው ማን ነው? የሚል ነው።

ክርስትና በጎጀብ አካባቢ በጉልህ የታየው በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (1563–1597) ነው። በዚያን ጊዜ የእናርያ ገዥ ከወገኖቹ ጋር ተጠመቀ፤ የካፋም ክርስትና ከዚሁ ንጉሥ ስም ጋር ተያይዞ ይተረካል። ኋላ ግን የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት መካከለኛውን አገር በያዘ ጊዜ ካፋ ከሰሜኑ መንግሥት ተለየች። ንጉሥዋ ታቶ፣ ሸንጎዋ ሚክሬቾ፣ ወሰንዋም በጥልቅ ቦይና በበር ጠባቂ የተከበረ፣ ለብቻዋ የቆመች መንግሥት ሆነች።

የዚህ መለየት ጉዳት ከሁሉ ይልቅ የከበደው በክህነት ላይ ነው። ክህነት በጳጳስ እጅ ይሰጣል እንጂ በዘር አይወረስም። ለኢትዮጵያ ደግሞ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ሲሆን፥ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ማዕርግ የበቁት ገና በ1929 ነው። እንግዲህ ከሰሜን የመጣው ካህን በሞተ ጊዜ፥ በእግሩ የሚተካው ሰው ሹመት ይቀበል ዘንድ ጎጀብን ተሻግሮ ብዙ አገር መጓዝ ነበረበት። መንገዱ ሲዘጋ ሹመቱ ተቋረጠ፤ የካህን ዘር መባል ግን ለልጅ ልጅ ተላለፈ። የጾም ልማድ፣ የበዓላት ስም፣ የማርያምና የጊዮርጊስ መታሰቢያም ቀረ። በዚያው ምድር ግን ኤቆ የተባለው መንፈስ አላሞ በሚባለው ሰው ላይ ዐድሮ ይናገር ነበር፤ ሕዝቡም ስለ በሽታ፣ ስለ እህልና ስለ ከብት ይጠይቀው ነበር።

በአገሩ አባ ማስያስ የተባሉት ካፑቺናዊው ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ በ1859 ካፋ ሲገቡ የጠበቃቸው ይህ ነገር ነው። ጥያቄውም በመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። የካፋ ሰው ክርስቲያን ነኝ ሲል፥ እንደ ተጠመቀ ይቈጠራልን? በእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት፥ በጭንቅ ጊዜ ማንም ሰው በውኃና በሥላሴ ስም ቢያጠምቅ ጥምቀቱ ይጸናል፤ ጥርጥር ሲኖርም፥ ያልተጠመቀ እንደ ሆነ ተብሎ በውል ይጠመቃል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደግሞ ማጥመቅ የካህን ሥራ ነው። ሁለቱም ጥምቀት አንዲት መሆንዋንና እንደማትደገም ያስተምራሉ። ስለዚህ የተጠመቀውን ዳግመኛ ማጥመቅ በደል፣ ያልተጠመቀውን እንደ ተጠመቀ መቍጠር ደግሞ ነፍስን ያለ ጸጋ መተው ነው። አባ ማስያስ ጥያቄውን በካፋ ሳይጨርሱ በ1861 ከአገር እንዲወጡ ተደረገ።

ነገሩ በሌላም ዓለም የታወቀ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት የቅርጣግናው ቆጵርያኖስና የሮማው እስጢፋኖስ መናፍቃን ስላጠመቁት ሰው ተከራክረዋል። አባ ማስያስ ከካፋ በወጡ በአራተኛው ዓመት፥ በ1865፥ በናጋሳኪ ከተማ ያለ ካህን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖሩ የጃፓን ክርስቲያኖች ተገለጡ። በእነርሱ ዘንድ ካህኑ ቢጠፋም ምእመናኑ ራሳቸው ያጠምቁ ስለ ነበር ጥምቀቱ ቀርቶ አያውቅም። በካፋ የቀረው ግን ከምሥጢር ይልቅ ልማድ ነው፤ ጥያቄውን ያከበደውም ይህ ነው።

በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ካፋን ይዘው የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በተማረከ ጊዜ፥ ካህናት ከሠራዊቱ ጋር ተመለሱ። የጥንቱ ጥያቄም መልኩን ለውጦ ተነሣ። ካፋዎች ልዑል አምላክን የሪ ይሉት ነበር። ይህ ስም ለእግዚአብሔር ይሁን ወይስ ይጣል? ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የአገሩን የአምላክ ስም እንደ ተቀበለ ሁሉ፥ በካፍኛም ይኸው ስም ጸና። ኤቆ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተለየም። መንፈሱ በዘር የሚተላለፍና ከጎሳው አንድነት ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ እርሱን መተው ለብዙው ሰው ከዘመድ መለየት ነበር። አምኖን ኦረንት በ1969 ያቀረበው ጥናት ይህን ትስስር በሰፊው ያሳያል።

ከሁሉ የጠነከረው ጥያቄ የማንጆዎች ነው። በአደን፣ ኋላም በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚተዳደሩት እነዚህ ወገኖች፥ የተከለከለ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከማዕድ፣ ከጋብቻና ለረጅም ጊዜም ከቤተ ክርስቲያን ተለይተው ኖረዋል። የንጹሕና የርኩስ እንስሳ ሕግ በሚከበርበት ቤተ ክርስቲያን ይህ ልማድ የሃይማኖት መልክ ማግኘቱ አያስደንቅም። ሆኖም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ጴጥሮስ ስለ መብል ራእይ ካየ በኋላ የተረዳው፥ ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ መጥራት እንደማይገባ ነው። ከ1991 በኋላ ብዙ ማንጆዎች ወደ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መግባታቸው፣ በ2002ም በማንጆና በሌላው ካፋ መካከል ደም ያፈሰሰ ግጭት መነሣቱ፥ ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

እንግዲህ በካፋ የታየው ክርክር ስለ አካልና ባሕርይ የተደረገውን ያህል መጽሐፍ አልተጻፈበትም። ነገር ግን በቦንጋና በአካባቢዋ ክርስቲያን ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ መልሱ የሚገኘው በስምና በጾም ልማድ ብቻ አይደለም። አንዲት ጥምቀት የተቀበሉት ሁሉ በአንድ ደጅ መግባታቸውና በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው የመልሱ ዋና ክፍል ነው። አባ ማስያስ ውኃው በማን እጅ እንደ ፈሰሰ ይመረምሩ ነበር፤ ማንጆው ደግሞ ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል።