እትብት የመሰከረው፦ የሚናማታ መርዝ ታሪክ

እኛ ዘንድ ሰው አገሩን ሲያነሳ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። ጃፓኖች ግን እትብትን አይቀብሩም። አድርቀው በትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ይህ የእናቶች ልማድ አንድ ፋብሪካ ያደረሰውን ጉዳት በማስረጃ ለማሳየት ረድቷል። ታሪኩ እንዲህ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሚናማታ በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት የምትገኝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። በ1908 ኋላ ቺሶ ተብሎ የታወቀው ኩባንያ እዚያ ፋብሪካ ተከለ። ከተማዋ የምትኖረው በፋብሪካው ነበር። ሥራው የሱ፣ ግብሩ ከሱ፣ ሆስፒታልም ነበረው። የኬሚካሉን አሠራር የፈለሰፈው ሰው እንኳ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆኗል። ታዲያ በዚህ ዓይነት ከተማ ማን ደፍሮ ፋብሪካውን ይከሳል?

ከ1932 ጀምሮ ፋብሪካው አሴታልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ያመርት ነበር። ሥራውን ለማፋጠን ሜርኩሪ ይጠቀማል፤ ያው በቴርሞሜትር ውስጥ የምናውቀው ብርማ ፈሳሽ ማለት ነው። ከሜርኩሪው ከፊሉ ሜቲል ሜርኩሪ ወደተባለ ኃይለኛ መርዝ እየተለወጠ ከቆሻሻው ውሃ ጋር ወደ ባሕር ይለቀቅ ነበር። የሳይንስ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻችሁ በሥዕል ብታስረዱ ጥሩ ነው። መርዙን በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይወስዱታል፣ እነሱን ትንሽ ዓሣ ይበላል፣ ትንሹን ትልቁ ይበላዋል። በየደረጃው መርዙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ውሃው ንጹሕ መስሎ ሳለ ዓሣው ይመርዛል።

መጀመሪያ ያበዱት ድመቶች ናቸው። በ1950ዎቹ በአጥማጆቹ መንደሮች ድመቶች ይንገዳገዳሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ባሕር ውስጥ ይወድቃሉ። ሕዝቡ «የድመት ጭፈራ» አለው። በሚያዝያ 1956 አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ መራመድና በደንብ መናገር ተስኗት ወደ ፋብሪካው ሆስፒታል መጣች። ቀጥሎ ታናሽ እህቷም ታመመች። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ ግንቦት 1 ቀን ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መነሳቱን ለጤና ቢሮ አስታወቁ።

ሰዉ ተላላፊ ነው ብሎ ፈራ። የታመመ ያለበት ቤት ተገለለ። ከእጃቸው ገንዘብ መቀበል የፈሩ ባለሱቆችም ነበሩ። ኮሌራ በገባበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህ አይጠፋውም።

በ1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱ ሜርኩሪ መሆኑን ተናገሩ። በዚያው ዓመት ዶክተር ሆሶካዋ የፋብሪካውን ቆሻሻ ለድመት አብልተው ያንኑ በሽታ አዩ። ድመቷ በቁጥር 400ኛ ነበረች። ኩባንያው ሙከራውን አስቆመ፣ ውጤቱም ተደበቀ። እሳቸው ለፍርድ ቤት የመሰከሩት በ1970፣ ከሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው ነው። በታኅሣሥ 1959 ደግሞ ኩባንያው የውሃ ማጣሪያ አስመረቀ። ዋናው መርዛማ ቆሻሻ ግን በማጣሪያው አያልፍም ነበር! በዚያው ወር ለድሆቹ ቤተሰቦች «የማዘኛ ገንዘብ» ተብሎ ጥቂት ተሰጥቶ ውል ተፈረመ። ውሉ ወደፊት ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑ ቢረጋገጥም ሌላ ካሳ አንጠይቅም ይላል። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው እንዲህ ያለ አንቀጽ ለምን ያስገባል?

አሁን ወደ እትብቱ እንመለስ። በዚያን ጊዜ የእንግዴ ልጅ ፅንሱን ከመርዝ ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1961 ሐራዳ የሚባሉ ወጣት ሐኪም ወደ አንድ አጥማጅ ቤት ሄደው ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ዓይነት ሁኔታ ታመው አገኙ። ሐኪሞች ትልቁን የሚናማታ በሽተኛ፣ ታናሹን ግን ዓሣ ስላልበላ የሌላ በሽታ ታማሚ ነው ብለዋቸዋል። እናትየዋ አልተቀበሉም። ዓሣውን የበላሁት እኔ ነኝ፣ መርዙ በእኔ በኩል ወደ ልጄ ሄደ አሉ። በ1962 አሥራ ስድስት ልጆች በማሕፀን ሳሉ እንደተመረዙ በይፋ ታወቀ። ኋላም ሐራዳ በየቤቱ የተቀመጡትን እትብቶች ሰብስበው አስመረመሩ። የፋብሪካው ምርት በጨመረባቸው ዓመታት የተወለዱት ልጆች እትብት ውስጥ ሜርኩሪውም ጨምሮ ተገኘ። ያቺ እናት ትምህርት ቤት ሳይጠሩት ትክክል ነበሩ።

ፋብሪካው ያንን አሠራር ያቆመው በ1968 ነው። መንግሥትም ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑን ያመነው በዚያው ዓመት፣ ሕመሙ ከተነገረ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በ1973 ፍርድ ቤት ያንን የማዘኛ ውል ዋጋ የለውም ብሎ ሻረው፣ ኩባንያውም ካሳ እንዲከፍል ፈረደበት። በ2013 ስለ ሜርኩሪ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት በከተማዋ ስም ሚናማታ ተባለ። በይፋ በሽተኛ ተብለው የተመዘገቡት ከ2,200 በላይ ናቸው። ሳይመዘገቡ የቀሩት ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፣ ክርክሩም ለአሥርት ዓመታት በፍርድ ቤት ሲጎተት ኖሯል። በማሕፀን ከተመረዙት ሕፃናት መካከል በሕይወት ያሉት ዛሬ ስድሳን አልፈዋል።