ሠንጠረዥ የሌለው ዝና፦ «ሙዚቃዊ ስልት» እና የታሪክ ማስረጃ



የአንድን ሙዚቃ ዝና በምን እንለካለን? እ.ኤ.አ. 1977 የዲስኮ ዘመን እኩለ ቀን ነበር። የአሜሪካው ቢልቦርድ መጽሔት ከ1958 ጀምሮ የመቶ ዘፈኖችን ሳምንታዊ ደረጃ ያትም ስለነበር፣ የቢ ጂስ «ስቴይን አላይቭ» በ1978 መጀመሪያ ለአራት ሳምንት አንደኛ እንደነበረ ዛሬ ማንም ገልጦ ያያል። አዲስ አበባ ላይ በ1977 የወጣው «ሙዚቃዊ ስልት» ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ያም ሆኖ ከዘመኑ የኢትዮጵያ የዳንስ ሙዚቃዎች መካከል ድንበር ተሻግሮ እንደ እርሱ የዘለቀ ጥቂት ነው። ስለዚህ ማስረጃውን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይለናል።

የመጀመሪያው ማስረጃ አሠራሩ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ገደብ ጥሶ የግል አሳታሚነትን ጀመረ፤ ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1975፣ አገር ለቆ ሄደ። ሥራውን ካስቀጠሉት አንዱ የከይፋ ሪከርድስ ባለቤት አሊ አብደላ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ም በዚሁ አሳታሚ «ቸ በለው» በተሰኘው አልበም ውስጥ ወጣ። የዜማው ደራሲ ግርማ በየነ ሲሆን ኦርጋኑን የተጫወተው ኃይሉ መርጊያ ነው። በዘመኑ የምሽት ቤት ባለቤቶች የሙዚቃ መሣሪያውንም ይዘው ስለነበር ሙዚቀኛው የእነርሱ ጥገኛ ነበር፤ ዋልያስ ግን የራሱን መሣሪያ ገዝቶ በሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ሌሊቱ ነው። ከተማዋ በሰዓት እላፊ ውስጥ ነበረች፤ ወቅቱም የቀይ ሽብር ዋዜማና ጅማሬ ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤቱ ያልገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው አዳራሽ ያድር ነበር፤ ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል። ግጥም ያለው ዘፈን በሳንሱር ያልፋል፤ ግጥም የሌለው ዜማ ግን ለሳንሱሩ የሚነበብ ቃል አይሰጥም። እኔ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የምሰማው በዚህ ዐውድ ነው፦ ቃል ሳይናገር ሌሊቱን ሙሉ ሰው በእግሩ የሚያቆም ዜማ። ይህን የዚያ ዘመን ደስታ ብቻ አድርጎ መተረክ ግን ስሕተት ይሆናል፤ ከአዳራሹ በር ውጭ የነበረው ፍርሃት የታሪኩ ግማሽ ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ከዚያ በኋላ የኖረው ሕይወት ነው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉንና ግርማን ጨምሮ አራቱ አባላት በዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የኒውዮርክ ባንድ ይህንኑ ዜማ ተጫውቶ፣ አልበሙን የቆየ የናይጄሪያ ቅጂ አስመስሎ አቀረበው። ዋናው አልበም በውጭ አሳታሚ ዳግም የታተመው በ2014 ነው። ልብ በሉ፤ መዝገብ ያላበጀንለት ዜማ አገሩን በሌላ አገር ስም ሊለውጥ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ የእናንተ ነው። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም የሆኑት ከወሎ ቦታዎች ነው፤ የወሎ ጆሮ ለሙዚቃ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ይሁንና የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የአዲስ አበባ ነው። ከላላና መካነ ሰላም ላይ ቴፕ ማን ነበረው? ካሴቱ ከደሴ በማን እጅ መጣ? በሠርግ ላይ የትኛው ዜማ ተደግሞ ተጠየቀ? እነዚህን የሚመልሱ ሽማግሌዎችና የካሴት ነጋዴዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ለዘላለም ግን አይኖሩም። ሠንጠረዥ በሌለበት አገር የደረጃው መዝገብ የሰው ትውስታ ነውና፣ ሳይዘጋ እንጻፈው።