ከላሟ ወይስ ከሰው? የነቀርሳ ባሲለስ፣ ማክሮፋጅና የሐመር ከብቶች

ሰኞ ሰኞ በቱርሚ ገበያ የሚሰበሰበው የሐመር ሕዝብ ኑሮው ከከብቱ ጋር ነው። ወተቱን ሳያፈላ ይጠጣል፤ ከከብቱ አንገት የሚቀዳው ደምም ምግቡ ነው። በዚህ አካባቢ የአንገት ንፍፊት ይዞ የመጣ ሕመምተኛ ሲያጋጥም የጤና ባለሙያው ጥርጣሬ አስቀድሞ ወደ ወተቱ ቢሄድ አይፈረድበትም። ጥያቄው የሕክምና ፋይዳም አለው፤ ኤም ቦቪስ የተባለው የከብት ባሲለስ ፒራዚናማይድን በተፈጥሮው ይቋቋማልና።

ክርክሩ የቆየ ነው። የነቀርሳን ባሲለስ እ.ኤ.አ. በ1882 ያገኘው ሮበርት ኮክ፣ በ1901 ለንደን ላይ የከብት ነቀርሳ ለሰው ብዙም እንደማያሰጋ ተናገረ። እንግሊዞች ያቋቋሙት ኮሚሽን አሥር ዓመት ያህል መርምሮ የኮክን አባባል ውድቅ አደረገ። ከዚያ በኋላም የሰው ነቀርሳ ጥንት ከብት በተላመደበት ዘመን ከላሟ የተወረሰ ነው የሚለው አሳብ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖረ። ይህንንም በ2002 የታተመ የዘረመል ጥናት ገለበጠው፤ የሰው ባሲለስ ከከብቱ ባሲለስ የወጣ አይደለም።

ባሲለሱ ከየትም ይምጣ፣ የሚሸሸገው ሊገድለው በተሠራው ሴል ውስጥ ነው። ማክሮፋጅ ከዋጠው በኋላ፣ የያዘው ከረጢት አፍራሽ ኢንዛይሞችን ከተሸከመው ላይሶዞም ጋር መቀላቀል ነበረበት። አርምስትሮንግና ዳርሲ ሃርት በ1971 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዳሳዩት ግን ጉዳት ያልደረሰበት ባሲለስ ይህን ውህደት ያግዳል። ኢሳት 6 የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ከረጢቱን ቀድዶ ለመውጣት ይረዳዋል። ካልሜትና ጌራን ከ1908 እስከ 1921 ድረስ የከብት ባሲለስን ደጋግመው ሲያራቡ የጠፋው የዘረመል ክፍል ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ነበር። ለሕፃናት የምንከትበው ቢሲጂ እንግዲህ ይህ መሣሪያው የወለቀ የላም ባሲለስ ነው።

ወደ ሐመር እንመለስ። በ2010 የታተመ ጥናት በወረዳው 499 ከብቶችንና 186 ፍየሎችን በቱበርኩሊን መርምሯል። በእንስሳው አንገት ላይ የከብትና የአእዋፍ ቱበርኩሊን ጎን ለጎን ተወግቶ ከሦስት ቀን በኋላ የቆዳው እብጠት ይለካል። ልዩነቱ ከ4 ሚሊሜትር ሲበልጥ ብቻ ተይዟል ከተባለ ከከብቶቹ 0.8 በመቶ፣ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከተባለ ግን 3.4 በመቶ ተገኙ። ከፍየሎቹ አንድም አልተገኘም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከብቶቹም ሆኑ ሰዎቹ ሳይቀየሩ፣ ያው አንድ መንጋ ሁለት መልስ የሰጠው ምርመራው የሚለካው ባሲለሱን ሳይሆን የእንስሳውን የመከላከል ምላሽ ስለ ሆነ ነው። በሽታው የጠናባት፣ የመከላከል ኃይሏ የዛለ ላም ምንም እብጠት ላታሳይ ትችላለች፤ በክሊኒካችንም በጽኑ የታመመ ሰው የቆዳ ምርመራው ነጻ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል በአፈርና በውኃ የሚኖሩ ማይኮባክቴሪያዎች የምላሹን ንባብ ያዛባሉ፤ በሐመርም እነዚህ የአካባቢ ዝርያዎች በካልቸር ታይተዋል። አክታቸው የተመረመረው ሰዎች ጥቂት ስለ ነበሩ የሐመርን ጥያቄ በዚህ ጥናት ብቻ ዘግቶ መሄድ ግን ያስቸግራል።

የአገሪቱ ሥዕል ከዚህ የጠራ ነው። በ2013 የታተመው የዝርያ ጥናት፣ በተለይ በወሎ የታየውን ሰባተኛውን የዘር ሐረግ ጨምሮ፣ ከኢትዮጵያውያን ሕሙማን የሚገኘው በአመዛኙ የሰው ባሲለስ መሆኑን አሳየ። በ2015 የወጣውም ከሳንባ ውጭ የሚከሰተው ነቀርሳ በአገራችን ለምን እንደሚበዛ መርምሮ አንድ ወሳኝ ምክንያት አላገኘም፤ ኤም ቦቪስም ከስንት አንዴ ብቻ ታየ።

ወተት አፍልቶ መጠጣትን ማስተማር በብሩሴላም ምክንያት ይገባናል። የአንገት ንፍፊት ይዞ ቱርሚ የመጣውን ሕመምተኛ ግን ስለ ላሞቹ ከመጠየቃችን በፊት፣ በጎጆው ውስጥ ለሳምንታት የሚያስል ሰው እንዳለ እንጠይቀው።