በፈረስ የተገኘ ይለፍ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ ጉማራን ተሻግሮ ወረታ ሲቃረብ፣ በስተግራው እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ያያል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት ባሕር ይመስላል። በበጋ ደግሞ ውኃው ሲሸሽ ለከብቱ ሣር፣ ለሽምብራውና ለጓያው እርጥበት ትቶ ይሄዳል። ድንጋይ የማያደናቅፍበት፣ ገደል የማይገታው አገር በመሆኑ ለፈረሰኛ የተመቸ ነው።

እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት ጢስ ዓባይን ለማየት የወረደው የጣናን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ፣ በዚሁ በኩል ነበር። ፏፏቴውን አይቶ ከፍታው 40 ጫማ ነው ብሎ ጻፈ፤ ከእሱ በፊት ያየውን ፖርቱጋላዊውን ጀሮኒሞ ሎቦንም ዋሽቷል ሲል ነቀፈው። እውነተኛው ከፍታ ግን ብሩስ ከገመተው ሦስት እጥፍ ያህል ነው! እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ብሩስ የምንነግርህን ሁሉ ይህን እያሰብህ አንብበው።

ከአገር ጉብኝቱ ይልቅ እኛን የሚስበን ግን በጥቅምት መጨረሻ፣ ከጣና ማዶ ባምባ ላይ የዋለው ውሎ ነው። የዳሞቱ ፋሲል ዋረኛ በዚያ ሰፍሮ ነበር። ብሩስ ወደ ግሽ ዓባይ ለመሄድ ይለፍ ሲጠይቀው ፋሲል ናቀው፤ ያ አገር የጨካኞች ነው፣ አንተን ለመሰለ ለስላሳ ሰው አይሆንም አለው። በማግሥቱ ፈረሶች ቀረቡና ምረጥ ተባለ። ብሩስ የወጣበት ፈረስ ያልተገራ አውሬ ኖሯል። እየዘለለ ሊጥለው ታገለ፤ ሰውዬው ግን ልጓሙን አልለቅ ብሎ ዳገት ቁልቁለቱን አንገላታውና ፈረሱ ደክሞ በላብ ተጠምቆ ተመለሰ። ቀጥሎም በራሱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እየጋለበ በሰማይ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች በሁለት አፍ ጠመንጃ አወረዳቸው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ፋሲልም ስለ ፈረሱ ክፋት አላውቅም ብሎ ማለ፤ በመጨረሻም የገዛ ፈረሱን ከነኮርቻው ሰጠውና፣ ሳትቀመጥበት ከፊትህ አስነዳው፣ ያየው ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል አለው። ብሩስ ባዶ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ እያስቀደመ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ያ ፈረስ የይለፍ ወረቀቱ ነበር።

የአውሮፓ አንባቢ ይህን ሲያነብ የጉረኛ ወሬ ነው ብሎ ሳቀ። በእርግጥም ሰውዬው ንጹሕ አይደለም፤ አብሮት ግሽ ድረስ የሄደውን ጣሊያናዊውን ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ከጉዞው በፊት የሞተ አድርጎ በመጽሐፉ ጽፏል። የባምባውን ታሪክ ግን የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይጥለውም። በዚያ ዘመን ሰው በፈረስ ይመዘን ነበርና።

ጉግስን እናስታውስ። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይቆማሉ። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል፤ ሲደርስበት ይወረውርበታል። የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ ጎን ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ዞሮ በተራው ያሳድዳል። እርካቡ ለእግር አውራ ጣት ብቻ የምትበቃ ቀለበት እንደነበረች ስናስብ ችሎታው ይገባናል። ለገና ለጥምቀት ተመልካች እልል የሚልበት ጨዋታ ነው፤ ለመኳንንቱ ግን የጦር ትምህርት ቤት ነበር። ዘንጉን በጦር ብትለውጠው ሌላ የሚለወጥ ነገር የለውም። ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ በ1830ዎቹ መጨረሻ ከደጃዝማች ጎሹ ቤት ገብቶ እንደ አገሬው ለብሶ፣ እንደ አገሬው ጋልቦ መኖሩም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ሜዳ ላይ ያልታየ ሰው እልፍኝ ውስጥ ብዙም አይሰማም ነበር።

የእግረኛው ጨዋታ ገና ነው። ቆልማማ ዱላና ሩር ይበቃዋል፤ ፈረስ ለሌለው ድኻ የተፈጠረ ይመስላል። በገና ሜዳ ጌታ በሎሌው እንደማይቆጣ ማንም ያውቃል፤ የጉግስ ሜዳ ግን የባለፈረስ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ከብሩስ መጽሐፍ የነገሥታቱን ሹም ሽር ሲለቅሙ ይህን ልዩነት ዘለውት ማለፋቸው ያስቆጫል።

ሁለቱም ጨዋታዎች ግን አንድ ነገር ይሻሉ፦ ያልታረሰ ሰፊ ሜዳ። ፎገራ ላይ እየጠበበ የሄደው ደግሞ እሱ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የሩዝ ዘር ካመጡ ወዲህ፣ ውኃ የሚተኛበት መሬት ዋጋ አወጣ። ከዘሮቹ አንዱ ኤክስ ጅግና ተብሎ ይጠራል፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተቋቁሟል። ገበሬው ጠገበ፤ ይህን የሚነቅፍ ቢኖር ረኃብን የማያውቅ ነው። ሩዙ ሲታጨድ ጓያው ወይም ሽንኩርቱ ይከተላል፣ መሬቱ ለገና አያርፍም። የግጦሹ ሣር ሲያንስ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ዘሯ እየተደባለቀ ቁጥሯ መመናመኑን የእንስሳት ባለሙያዎች ከጻፉ ቆይተዋል።

ስለ ላሟ የጻፉት ብዙ ናቸው። በርብና በጉማራ መካከል ጉግስ የጋለቡ አዛውንቶችን ግን፣ ሜዳውን ማን ይከልል እንደነበር፣ ዘንጉ ከምን እንጨት እንደሚቆረጥ፣ የወደቀ ፈረሰኛ ምን እንደሚባል ጠይቆ የሚጽፍ ያስፈልጋል። ያውም ቶሎ።